ክሬዲት ካርድና የአየር ማይል፦ ከዋሽንግተን ነፋስ መውጫ በአነስተኛ ወጪ

በሰሜን አሜሪካ ለሚኖር የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ተወላጅ ወላጆቹን ለመጠየቅ ከሚያወጣው ገንዘብ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የአየር ትኬት ነው። ባልና ሚስት ሁለት ልጆች ይዘው በገና ሰሞን ልምጣ ቢሉ ለትኬት ብቻ የሚጠየቁት ገንዘብ የብዙ ወር የቤት ኪራይ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ጉዞው ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ይቆይና ብዙዎች አገራቸው የሚገቡት ለለቅሶ ይሆናል።

ይህን ወጪ ለመቀነስ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ በክሬዲት ካርድ የሚሰበሰብ ነጥብና በአየር መንገዶች የሚሰጥ ማይል ነው። አሠራሩ በአሜሪካና በካናዳ የተለመደ ይሁን እንጂ ብዙ ወገኖቻችን ወይ ጨርሶ አይጠቀሙበትም፤ ወይም ጀምረውት ካገኙት ጥቅም የበለጠ ወለድ ይከፍላሉ። ከሚጠቀሙትም ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ትኬቱን አዲስ አበባ ላይ ያቆሙትና የቀረውን መንገድ እንደገና በራሳቸው ገንዘብ ይከፍሉታል። በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን፣ ወጥመዶቹን፣ እንዲሁም ወደ ምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር ለሚጓዝ ሰው የሚስማማውን አጠቃቀም እንመለከታለን። አገር ቤት ላለው አንባቢም የሚሆን ክፍል በመጨረሻ አለው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው ማይል መስጠት በስፋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። በዚያ ዓመት አሜሪካን ኤርላይንስ “አድቫንቴጅ” የተባለውን ፕሮግራም አስተዋወቀ፤ ዩናይትድም ብዙ ሳይቆይ “ማይሌጅ ፕላስ” ብሎ ተከተለው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። መንገደኛው በበረረው ርቀት ልክ ማይል ይያዝለታል፤ ማይሉ ሲጠራቀም ነፃ ትኬት ያገኛል፤ አየር መንገዱም ደንበኛው ወደ ሌላ እንዳይሄድበት ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቲባንክ ከአሜሪካን ኤርላይንስ ጋር ተስማምቶ ዕቃ በገዙበት ቁጥር ማይል የሚያስገኝ ክሬዲት ካርድ ሲያወጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ማይል ለማግኘት አውሮፕላን መሳፈር ግድ አልሆነም። ቤንዚን የሚቀዳ፣ አስቤዛ የሚገዛ፣ የመኪና ኢንሹራንስ የሚከፍል ሁሉ ማይል ይሰበስባል። ዛሬ አየር መንገዶቹ ለባንኮች ማይል በመሸጥ የሚያገኙት ገቢ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው።

ገንዘቡን የሚከፍለው ማን ነው?

ባንክ በነፃ የሚሰጠው ነገር የለም። ደንበኛ በካርድ ሲከፍል ባለ ሱቁ ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን ይቆረጥበታል። በአሜሪካ ይህ ኮሚሽን እንደ ካርዱ ዓይነት ቢለያይም 2 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ይሆናል። ነጥቡ የሚከፈለው በአንድ በኩል ከዚህ ኮሚሽን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ዕዳቸውን በወቅቱ ካልከፈሉ ሰዎች ከሚሰበሰበው ወለድ ነው።

ባለ ሱቁ ኮሚሽኑን በዋጋው ላይ ስለሚጨምረው በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ሰውም ሳያውቀው የሌላውን ነጥብ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2010 የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ባወጡት ጥናት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚጠቀም አንድ ቤተሰብ በዓመት በአማካይ 149 ዶላር ለካርድ ተጠቃሚዎች እንደሚያስተላልፍ፣ ካርድ የሚጠቀም ቤተሰብ ደግሞ 1,133 ዶላር እንደሚያገኝ ገምተው ነበር። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያሉ የሐበሻ ሱቆችና ምግብ ቤቶችም ኮሚሽኑን ከሚከፍሉት መካከል ናቸው። ባለቤቱ ለትንሽ ሒሳብ ጥሬ ገንዘብ ቢጠይቅዎ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በአውሮፓ ሁኔታው የተለየ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ባንኮች በግል ክሬዲት ካርድ ላይ የሚቀበሉትን የባንክ ለባንክ ክፍያ በ0.3 በመቶ፣ በዴቢት ካርድ ላይ ደግሞ በ0.2 በመቶ ወሰነው። በመሆኑም በጀርመን፣ በጣሊያን ወይም በስዊድን የሚኖር ወገናችን አሜሪካ ያለው ዘመዱ የሚያገኘውን ያህል ነጥብ ከካርድ አያገኝም። ለእሱ የሚሻለው በርካሽ ወቅት መጓዝና ከበረራ የሚገኘውን ማይል በአንድ ሒሳብ ማጠራቀም ነው።

ነጥቡ እንዴት ይሰበሰባል?

በአሜሪካ ነጥብ የሚሰጡ ካርዶች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከአንድ አየር መንገድ ጋር ብቻ የተያያዘው ሲሆን፣ ለምሳሌ የዩናይትድ ካርድ የዩናይትድን ማይል ብቻ ይሰጣል። ሁለተኛው ባንኩ የራሱን ነጥብ የሚሰጥበትና ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ወደ ተለያዩ አየር መንገዶች የሚያዛውረው ነው። የቼዝ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የካፒታል ዋንና የሲቲ የነጥብ ካርዶች በዚህኛው ምድብ ይገኛሉ። አንዱ አየር መንገድ መቀመጫ ባይኖረው በሌላው መሞከር ስለሚቻል ለኢትዮጵያ ተጓዥ ሁለተኛው ዓይነት ይመረጣል።

አብዛኛው ነጥብ የሚገኘው ከዕለት ወጪ ሳይሆን ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው ጉርሻ ነው። ለምሳሌ አንድ ካርድ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት 4,000 ዶላር ለሚያወጣ ሰው 60,000 ነጥብ ቢሰጥና ሰውየው ለአስቤዛ፣ ለቤንዚንና ለኢንሹራንስ በወር 2,000 ዶላር በካርዱ ቢከፍል፣ በአንድ ነጥብ ለአንድ ዶላር ስሌት በዓመት 24,000 ነጥብ ይጨምራል። በድምሩ 84,000 ይሆናል ማለት ነው። ባልና ሚስት በየስማቸው ካርድ ቢያወጡ ጉርሻውን ሁለት ጊዜ ያገኛሉ። በአንድ ካርድ ላይ ተጨማሪ ስም ከማስገባት ይህ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉርሻውን ለማግኘት ሲባል የማያስፈልግ ዕቃ መግዛት ጥቅሙን ያጠፋዋል። ካርዱን ማውጣት ያለብዎ የማይቀር ትልቅ ወጪ ሲኖር ነው፤ የስድስት ወር የመኪና ኢንሹራንስ፣ የትምህርት ክፍያ፣ የሠርግ ወጪ ወይም የታክሲ ጥገና ሊሆን ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ከሆነ፣ ብዙዎቹ 95 ዶላር አካባቢ ይጠይቃሉና፣ ያንን ከጥቅሙ ላይ መቀነስ ያሻል።

አዲስ የገባ ሰው ወዲያው እንዲህ ያለ ካርድ አያገኝም። በአሜሪካ የተበዳሪን ታማኝነት ለመለካት በብዛት የሚሠራበት ነጥብ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል፤ ለጥሩ ካርድ በአብዛኛው 700 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ለመጀመር በመያዣ ገንዘብ የሚሰጥ ካርድ አውጥቶ በየወሩ ሙሉ በሙሉ መክፈል የተለመደው መንገድ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ካርድ መጠየቅም አይበጅም። ቼዝ ለምሳሌ በ24 ወራት ውስጥ 5 አዲስ ካርድ ያወጣን ሰው ማመልከቻ በአብዛኛው እንደማይቀበል ይታወቃል።

ነጥብ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት የሚለወጠው እንዴት ነው?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የማይል ፕሮግራም ሸባ ማይልስ ይባላል። ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስናቸው አራት የአሜሪካ ባንኮች ነጥባቸውን በቀጥታ ወደ ሸባ ማይልስ አያስተላልፉም። መንገዱን የከፈተው አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2011 ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ኅብረት መቀላቀሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የሌላ አባል አየር መንገድ ማይል ያለው ሰው በዚያ ማይል የኢትዮጵያን መቀመጫ ማስያዝ ይችላል።

በተግባር ለሰሜን አሜሪካ ነዋሪ የሚጠቅሙት ሦስት ናቸው።

አንደኛው የዩናይትድ ማይሌጅ ፕላስ ነው። የቼዝ ነጥብ ወደ እሱ ይዛወራል። ማይሉ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ጊዜው አያልፍበትም።

ሁለተኛው የኤር ካናዳ ኤሮፕላን ነው። የቼዝ፣ የአሜሪካን ኤክስፕረስና የካፒታል ዋን ነጥብ ይቀበላል። በቶሮንቶ ለሚኖሩ ወገኖችም ከካናዳ ባንኮች ካርድ በቀጥታ ይሰበሰባል። ሒሳቡ 18 ወራት ሳይንቀሳቀስ ከቆየ ግን ነጥቡ ይቃጠላል።

ሦስተኛው የኮሎምቢያው አቪያንካ ላይፍ ማይልስ ነው። የአሜሪካን ኤክስፕረስ፣ የካፒታል ዋንና የሲቲ ነጥብ ይዛወርበታል።

በስዊድንና በኖርዌይ የሚኖሩ አንባቢዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ለውጥ አለ። ኤስ.ኤ.ኤስ. እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ከስታር አሊያንስ ወጥቶ ስካይ ቲም ገብቷል። ስለዚህ ዩሮ ቦነስ ቀድሞ በስታር አሊያንስ አባልነት ይሰጥ በነበረው መንገድ የኢትዮጵያን ትኬት አያስገኝም።

ከማዛወርዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ በዩናይትድ ወይም በኤሮፕላን ገጽ ገብተው በሚፈልጉት ቀን በማይል የሚሰጥ መቀመጫ መኖሩን ይመልከቱ። አየር መንገዱ በእያንዳንዱ በረራ ለአጋሮቹ የሚለቀው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ለአንድ ሰው የተገኘው ለአራት ላይገኝ ይችላል። ነጥብ አንዴ ወደ አየር መንገድ ከተዛወረ ደግሞ አይመለስም። መቀመጫው ሳይረጋገጥ ማዛወር ብዙዎችን ጎድቷል።

ሁለተኛ፣ ሒሳብ ይሥሩ። ትኬቱ በገንዘብ ቢገዛ 1,400 ዶላር ነው እንበል። በማይል ደግሞ 80,000 ነጥብና 120 ዶላር ታክስ ይጠይቃል። የቀነሰልዎት 1,280 ዶላር ስለሆነ ለ80,000 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 1.6 ሳንቲም አወጣ ማለት ነው። ባንኩ ነጥቡን በጥሬ ገንዘብ ቢለውጥልዎ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲም ወይም ከዚያ በታች ነውና ማዛወሩ ይሻላል። ትኬቱ በርካሽ ወቅት 850 ዶላር ቢሆን ግን ነጥቡ የሚያወጣው 0.9 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ትኬቱን በገንዘብ ገዝቶ ነጥቡን ለገና ማስቀመጥ ይመረጣል።

ማይሉ የእርስዎ ቢሆንም ተጓዡ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ቪዛ ያገኙ እናት ወይም አባት ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እንዲመጡ በእርስዎ ማይል ትኬት መቁረጥ በዩናይትድም ሆነ በኤሮፕላን ይፈቀዳል። ማይል መሸጥና መግዛት በግለሰቦች መካከል ሲሆን ግን በሁሉም ደንብ የተከለከለ ነው። ከደላላ በርካሽ የተገዛ “የማይል ትኬት” መንገደኛው አውሮፕላን ጣቢያ ከደረሰ በኋላ እንኳ ሊሰረዝበት ይችላል።

ትኬቱ የት ይብቃ?

ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው ርቀት ከ7,000 ማይል በላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ አንድ አጭር የአገር ውስጥ በረራ መጨመር በማይል ስሌት ብዙ ጊዜ ለውጥ አያመጣም። ለምሳሌ ኤሮፕላን ከሰሜን አሜሪካ ወደ አፍሪካ ለሚደረግ ጉዞ ዋጋውን የሚወስነው በርቀት እርከን ሲሆን፣ ከ6,001 እስከ 8,000 ማይል ያለው አንድ እርከን ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃውም ባሕር ዳር ድረስ የሚዘልቀውም እዚያው እርከን ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ መድረሻዎን “አዲስ አበባ” ብለው ከመፈለግዎ በፊት “ባሕር ዳር” ወይም “ላሊበላ” ብለው ይሞክሩ።

በአንድ ትኬት መጓዝ ሌላም ጥቅም አለው። ከአሜሪካ የሚነሳ መንገደኛ የሚፈቀድለት ሁለት ሻንጣ እስከ መጨረሻው ማረፊያ ይዘልቃል። የአገር ውስጡን ለብቻው የገዛ ሰው ግን ለዘመድ የያዘው ልብስና ጫማ ከአገር ውስጡ የሻንጣ ልክ በላይ ሆኖ ተጨማሪ ሊያስከፍለው ይችላል። ከዋሽንግተን የመጣው በረራ ዘግይቶ የባሕር ዳሩ ቢያመልጥም በአንድ ትኬት ከሆነ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው።

የአገር ውስጡን በገንዘብ መግዛት ግድ ከሆነ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከውጭ በራሱ በረራ ለገቡ መንገደኞች የአገር ውስጥ ትኬት በቅናሽ ሲሸጥ መቆየቱን ያስታውሱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቆረጠው ትኬት ቁጥሩ በ071 ይጀምራል፤ በሌላ አየር መንገድ ማይል የተቆረጠው ግን የቆራጩን መለያ ይይዛል። ስለዚህ በማይል የመጣ ሰው የቅናሹ ተጠቃሚ መሆኑን ከመግዛቱ በፊት ከትኬት ቢሮው ያረጋግጥ።

ወደ ሦስቱ አካባቢዎች የሚወስዱት መንገዶች እንደሚከተለው ናቸው።

ላይ ጋይንት። የወረዳው ከተማ ነፋስ መውጫ በደርግ ዘመን በቻይናውያን በተሠራው የወረታ ወልዲያ መንገድ ላይ ትገኛለች። ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ 175 ኪሎ ሜትር ነው። ያው መንገድ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል ጋሸና ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ላሊበላ ነው። ነፋስ መውጫ በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል የምትገኝ በመሆኗ በባሕር ዳር ገብቶ በላሊበላ መውጣት ወይም በተቃራኒው ይቻላል። ዩናይትድም ኤሮፕላንም የሽልማት ትኬትን በአንድ ጉዞ ስለሚሸጡ መግቢያና መውጫ መለየቱ ተጨማሪ ማይል አይጠይቅም። ቤተሰብ ጠይቆ በዚያው ላሊበላን ለመሳለም ለሚፈልግ ይህ ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ነው።

ታች ጋይንትና ስማዳ። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያና የስማዳዋ ወገዳ ከዋናው መንገድ ወደ ደቡብ ተገንጥለው የሚገኙ ናቸው። የስማዳ ቆላ እስከ በሽሎ ሸለቆ ይወርዳል። ለእነዚህ ባሕር ዳር መግባት ይመረጣል። ከዋናው መንገድ ከወጡ በኋላ ያለውን ጉዞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ማስላት ይገባል።

እስቴ። የመካነ ኢየሱስ መንገደኛ ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐሙሲት ላይ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ይችላል፤ በደብረ ታቦር በኩልም መንገድ አለ። ለእስቴ ከባሕር ዳር ሌላ ማረፊያ ማሰብ አያስፈልግም።

ነጥብ የማይገዛውም ይኸው የመጨረሻው መንገድ ነው። ሚኒባስ፣ የኮንትራት መኪና፣ ደብረ ታቦር ላይ የሚያድሩበት አልጋ ሁሉ በብር ይከፈላል። ትኬቱ በነጥብ ተሸፈነ ብለው ኪስዎን ባዶ አድርገው አይምጡ።

መቼ ይሻላል?

በማይል የሚሰጥ መቀመጫ የሚጠፋው ሁሉም ሰው በሚጓዝበት ጊዜ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ለገናና ለጥምቀት፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ መቀመጫ ማግኘት ያስቸግራል። አየር መንገዶች መቀመጫ መልቀቅ የሚጀምሩት ከበረራው 11 ወር ገደማ ቀደም ብሎ በመሆኑ ለገና የሚመጣ ሰው መፈለግ ያለበት ከየካቲት ጀምሮ ነው።

ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ግን ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍት ከክረምቱ ጋር ይገጥማል። ከአስፋልት የወጣው መንገድ የሚጨቀየው፣ ከጉና የሚወርዱት ወንዞች የሚሞሉት ያኔ ነው። ብዙ ማይል ተከፍሎበት የተመጣው ጉዞ ወገዳ ሳይደርስ ደብረ ታቦር ላይ ሊቆም ይችላል። በጥቅምትና በኅዳር፣ እንዲሁም ከጥምቀት በኋላ በየካቲት ግን መቀመጫው ይገኛል፤ መንገዱም ይደርቃል። ልጆቻቸው ገና ትምህርት ያልጀመሩ ወይም ያደጉ ቤተሰቦች እነዚህን ወራት ቢመርጡ በሁለት በኩል ይጠቀማሉ።

ወለድ ጥቅሙን እንዳይበላው

በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ከ20 በመቶ በላይ ሆኗል። አንድ ሰው 60,000 ነጥብ አገኛለሁ ብሎ 3,000 ዶላር ዕዳ ለአንድ ዓመት ሳይከፍል ቢያቆይ በ22 በመቶ ስሌት 660 ዶላር ወለድ ይከፍላል። በጥሬ ገንዘብ 600 ዶላር የሚያወጣ ነጥብ በ660 ዶላር ገዛ ማለት ነው። የወሩን ሒሳብ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ለመክፈል እርግጠኛ ያልሆነ ሰው የነጥብ ካርድ ባያወጣ ይሻለዋል። ዕዳ ያለበትም መጀመሪያ ዕዳውን ይክፈል። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው ሳይወጣለት ገንዘቡን አያጠፋም፤ ካርድም በዚሁ ሥርዓት መያዝ አለበት።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ለቤተሰብ ገንዘብ በክሬዲት ካርድ መላክ ነው። ብዙ ባንኮች ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን ከካርዱ ላይ ጥሬ ገንዘብ እንደመበደር ይቆጥሩታል። ነጥብ አይሰጥበትም፤ ልዩ ኮሚሽን ይቆረጥበታል፤ ወለዱም ከዚያችው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። ለቤተሰብ የሚላከውን ከባንክ ሒሳብ ወይም በዴቢት ካርድ ይላኩ።

የፀጥታው ሁኔታና ትኬት መሰረዝ

ስለዚህ አካባቢ ጉዞ ጽፎ የፀጥታውን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ለቀናት ቆይታለች፤ ነዋሪዎቿም ከፍተኛ በደል ደርሶባቸዋል። ከሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭት ተቀስቅሷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠው ነበር። በመንገድ ላይም መዘጋትና እገታ ሲያጋጥም ቆይቷል። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዜጎቹ ወደ ክልሉ እንዳይጓዙ ሲያሳስብ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

በእንዲህ ያለ ጊዜ በማይል የተቆረጠ ትኬት በቅናሽ ከተገዛ ትኬት ይልቅ ይመቻል። ዩናይትድ ከበረራው በፊት ለተሰረዘ የሽልማት ትኬት ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልሳል። ኤሮፕላንና ላይፍ ማይልስ የስረዛ ክፍያ ስለሚጠይቁ ከመቁረጥዎ በፊት መጠኑን ይመልከቱ። በካርዱ የሚሰጠው የጉዞ ኢንሹራንስ ግን በአብዛኛው በጦርነት ሳቢያ የሚደርስ ኪሣራን አይሸፍንም፤ በእሱ አይተማመኑ።

ትኬቱን ባሕር ዳር ድረስ መቁረጥ ሌላ አማራጭም ይሰጣል። መንገዱ አስጊ ሲሆን እንግዳው ነፋስ መውጫ ድረስ ከሚሄድ ቤተሰቡ የአካባቢውን ሁኔታ አይቶ ባሕር ዳር ቢመጣ ይሻል ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ከመገናኘት አንፃር ለአረጋውያን ወላጆች ድካሙ ያንሳል። ውሳኔው ግን ሁልጊዜ መንገዱን በየቀኑ ከሚያውቁት ከአካባቢው ሰዎች ምክር መነሣት አለበት።

አገር ቤት ላለው ምን አለ?

በኢትዮጵያ ባንኮች የሚሰጡት ካርዶች በአብዛኛው ዴቢት ወይም ቅድመ ክፍያ ናቸው። ብድር በዋስትና በሚሰጥበት ሥርዓት የአሜሪካው ዓይነት ክሬዲት ካርድ አልተስፋፋም። ሆኖም ዳሸን ባንክ ከአሜሪካን ኤክስፕረስና ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር በመሆን በግዢ ሸባ ማይልስ የሚያስገኝ ካርድ አውጥቷል። የውጭ ምንዛሪ ወጪ ላለበት ሰው ጠይቆ መረዳቱ አይከፋም።

ለአዲስ አበባ ባለሙያ ግን ትልቁ የማይል ምንጭ የሥራ ጉዞ ነው። ማይል የሚያዘው ትኬቱን ለከፈለው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለበረረው ሰው ነው። ለስብሰባ ወደ ናይሮቢ፣ ወደ ጄኔቫ ወይም ወደ ጆሃንስበርግ የሚመላለስ አማካሪ ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የሸባ ማይልስ ቁጥሩን በትኬቱ ላይ ካላስመዘገበ የራሱን ገንዘብ እንደመጣል ይቆጠራል። አባልነቱ በነፃ ነው። ደረጃዎቹ ሰማያዊ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም ሲሆኑ፣ ወርቅ የደረሰ ሰው በስታር አሊያንስ አባላት ዘንድ የማረፊያ ክፍልና ተጨማሪ ሻንጣ ያገኛል። የተረሳ ማይል ካለም የመሳፈሪያ ካርዱን ይዞ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ መጠየቅ ይቻላል። በጣም ርካሽ በሆነው የትኬት ክፍል የሚያዘው ማይል ግን ያነሰ ነው።

እንዲህ የተጠራቀመ ማይል ለአገር ውስጥ በረራም ይውላል። አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ቀኑን ሙሉ የሚሄደውን መንገድ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ የሚመለስ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ጉዞ ባገኘው ማይል ወላጆቹን ሊጠይቅ ይችላል ማለት ነው።

በአጭሩ

ዕዳዎን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚከፍሉ ካልሆነ አይጀምሩ። ካርድ የሚያወጡት የማይቀር ትልቅ ወጪ ሲኖርዎ ነው፤ የሚመረጠውም ነጥቡ ወደ ብዙ አየር መንገዶች የሚዛወረው ነው። መቀመጫ ሳያዩ ነጥብ አያዛውሩ። ፍለጋውን ከ11 ወር በፊት ይጀምሩ፤ ከተቻለ ጥቅምትን፣ ኅዳርን ወይም የካቲትን ይምረጡ። ትኬቱን አዲስ አበባ ላይ ሳይሆን ባሕር ዳር ወይም ላሊበላ ላይ ያብቁት። ዋጋውን በነጥብና በገንዘብ አነጻጽረው ነጥቡ ከ1 ሳንቲም በታች ካወጣ በገንዘብ ይግዙ። የአየር መንገዶቹ ሠንጠረዥ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለሚለወጥና ማይል ከዓመት ዓመት ዋጋው ስለሚቀንስ የተጠራቀመውን ለዓመታት አያስቀምጡ። ወላጆችም እንደዚያው ናቸው፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነጥብ ከተገኘ አራቱም እስኪሞላ ከመጠበቅ ሁለቱ ቀድመው ቢሄዱ ይሻላል።